ማቱሳላ በሕፃን ጋሪ

ባሌ ኦዲል ክፉ ሰው አይደለም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ከዚህ ወዲያ ስለ እሱ የምለው ሁሉ ስሞታ ስለሆነ ነው።

ምድር ቤታችን ውስጥ፣ ከድንቹ ሣጥን ማዶ፣ ገለባ ላይ አንድ ትልቅ ጠርሙስ ተጋድሞ ኖረ። ስድስት ሊትር ላምቢክ፣ በእንጨት በርሜል የሚያረጅ ጎምዛዛ ቢራ፣ ይይዛል። የዚህን ልክ ጠርሙስ ማቱሳላ ይሉታል፤ በመጽሐፍ ቅዱስ ከሰው ሁሉ ረጅም ዕድሜ በኖረው ሽማግሌ ስም። ስሙን ያወጣው ሰው ኦዲልን ሳያውቀው አልቀረም። ልጃችን ስትቆርብ "ዛሬስ አንከፍተውም?" አልኩት፤ ገና ነው አለ። ስትዳር ጠየቅኩት፤ ገና ነው። የልጅ ልጅ መጣ፤ አሁንም ገና ነው። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ የሚባለው ነገር በደንብ የገባኝ በዚያ ጠርሙስ ነው።

የእኛ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ግማሹ የስታፍ ነው። ስታፍና ኦዲል አንድ አግዳሚ ላይ ፊደል የቆጠሩ፣ አንድ ጠረጴዛ ላይ ካርታ ሲጫወቱ ያረጁ ጓደኛሞች ናቸው። ኦዲል ትራም ሲነዳ፣ ስታፍ ጣሪያ ሲከድን ኖሩ። ጠርሙሱን የገዙት እኔና የስታፍ ሚስት ፊን አራሶች በነበርንበት ዓመት፣ ከሽማግሌው ጎማር ነው። ጎማር አሮጌውንና አዲሱን ላምቢክ ከየበርሜሉ እየቀዳ፣ እየቀመሰ የሚቀላቅል፣ ከሰው ይልቅ ከበርሜል ጋር ማውራት የሚወድ ሰው ነበር። እኔና ፊን ልጆቹን በአንድ ጋሪ ይዘን በርሜሎቹ ያሉበት ጎተራ በር ላይ ቆመን ነበርና ሁሉንም ሰምቻለሁ።

"ለአንድ ሰው ማቱሳላ አልሸጥም" አለ ጎማር። "ከተከፈተ በዚያው ቀን ማለቅ አለበት። ብቻውን የሚጨርስ ሰው ደግሞ ወይ ይታመማል ወይ ያብዳል። ከማን ጋር ነው የምትጠጣው?"

ኦዲል ወደ ስታፍ ጠቆመ። ስታፍም ወደ ኦዲል።

"እሺ" አለ ጎማር። ብሩሹን ኖራ ውስጥ ነከረና በተጋደመው ጠርሙስ ጀርባ ላይ ነጭ መስመር ሳበ። "ይቺ መስመር ሁልጊዜ ሰማይ ሰማይ ትመልከት። አተላው ከሥር ነው የሚተኛው። ያገላበጠው ሰው አተላውን ይጠጣል፤ እኔን እንዳይወቅሰኝ።"

"መቼ ይደርሳል?" አለ ስታፍ።

"ትልቅ ጠርሙስ ቀስ ብሎ ነው የሚደርሰው። ደረሰ ብላችሁ ስታስቡ፣ አንድ ክረምት ጨምሩበት።"

እግዜር ነፍሱን ይማርና፣ ጎማር ያቺን ቃል ጥሎ ሞተ፤ መዘዟ ለእኔ ተረፈ። በዚያን ቀን ስታፍ ልጁን ከጋሪው አነሳና ትከሻው ላይ አደረገ፣ ኦዲልም የእኛን አነሳ፤ ጠርሙሱ በልጆቹ ቦታ ተኛ። የስታፍ ቤት ከወንዙ አጠገብ ስለሆነ ምድር ቤቱ ውሃ ይገባዋል። ስለዚህ ማቱሳላ እኛ ጋ መጥቶ ተቀመጠ። ሁለቱም ጡረታ የወጡ ዕለት ሊከፍቱት ተማማሉ።

ጡረታ ወጡ። ብርጭቆ አጥቤ፣ ዳቦው ላይ ነጭ አይብ ቀብቼ፣ ቀይ ፍጅል ከትፌ ጠበቅኩ። ሁለቱ መብራት ይዘው ወረዱ። አልመጣ ሲሉ ደረጃው ላይ ቆሜ አዳመጥኩ። ስታፍ ጆሮውን ጠርሙሱ ላይ ለጥፏል።

"ምን ይላል?" አለ ኦዲል።

"ተኝቷል።"

"እንግዲያው አንቀስቅሰው።"

"አንድ ክረምት እንጨምርለት።"

"እኔ ብርጭቆ አጥቤያለሁ እኮ!" ብዬ ጮህኩ ከላይ። ጆሮ ዳባ ልበስ! አይቡን ብቻ በልተው፣ ተራ ቢራ ጠጥተው፣ ደስ ብሏቸው ተለያዩ። እስቲ አሁን ይሄ ምን ይባላል? ያን ቀን ስታፍም እኩል ጥፋተኛ ነበር፤ የእሱንም አልደብቅም።

ከዚያ ስታፍ ማሳል ጀመረ። ያን ሁሉ ዓመት ጣሪያ ላይ የዋጠው አቧራ ሳንባውን በልቶት ኖሯል። በፋሲካ ሰሞን አልጋውን መንገድ በሚያሳየው መስኮት ሥር አደረጉለት። ሐኪሙ ለፊን "ሐምሌን ካየ ትልቅ ነገር ነው" አላት። ፊን ነገረችኝ፤ እኔ ለኦዲል ነገርኩት፤ ኦዲል "ሐኪም ምን ያውቃል!" ብሎ ለውድድር ወደሚያሳድጋቸው ርግቦቹ ወጣ።

ሰኔ ሲገባ፣ እኛ አገር ሙቀቱ ሲጀምር፣ አንድ ቀን ሁላችንም እዚያው ተሰብስበን ሳለ ስታፍ የኦዲልን እጅ ያዘ። ድምፁ አልቆ ነበር፤ ግን ቃሉን አንድ በአንድ ሰማሁት።

"ኦዲል፣ ያንን ጠርሙስ አንዴ ልቅመሰው።"

እናንተዬ፣ ሰው ወዳጁ እንዲህ ሲለው ምን ይላል? እሮጣለሁ አይልም? ባሌ ምን አለ መሰላችሁ?

"እንዴታ! ቅጠል ሲረግፍ እንከፍተዋለን። አሁን እኮ ሙቀት ነው፤ ማቱሳላ በሙቀት ተከፍቶ ያውቃል? አረፋ ሆኖ ነው የሚያልቀው። ትንሽ ታገስ አንተ፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።"

"ቅጠል ሲረግፍ" አለ ስታፍ፤ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ውጭ ያለው ዛፍ ቅጠሉ ገና ለጋ ነበር። ፊን ተነስታ ወደ ወጥ ቤት ሄደች። ተከትያት ስገባ የዕቃ ማጠቢያውን ጠርዝ ይዛ ቆማለች።

"ምንም አትበይው" አለችኝ።

"ምንም አትበይው? ቆይ ብቻ!"

ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ጨቀጨቅኩት። "ስታፍ ቅጠል ሲረግፍ አያይም። አንተም ታውቃለህ።"

"አንቺ ሴትዮ፣ ስለ ላምቢክ ምን ታውቂያለሽ?"

"ስለ ላምቢክ አላወራሁም!"

"እነሱ ጋ የሚወስደው መንገድ ኮብልስቶን ነው፤ አተላው ይነሳል። ከተነሳ ተመልሶ እስኪተኛ ሳምንታት ይፈልጋል። እሺ ወሰድነው እንበል፤ የት እናስተኛዋለን? ውሃ የሚገባው ምድር ቤት?"

"ሰውየው ጎኑን ይዞ ተኝቷል፣ አንተ ስለ ጠርሙስ መኝታ ታስባለህ።"

"ደፍርሶ ይጠጣ ነው የምትይው? ስታፍ? የደፈረሰ ብርጭቆ ሲሰጡት ይመልስ የነበረውን ሰው?"

ሁልጊዜ መልስ አለው። ሙቀት፣ አተላ፣ ቡሹ፣ የጨረቃው ዙር፣ ምኑ ቅጡ! በየቀኑ ስታፍ ጋ ይሄዳል፤ በየቀኑ ስለ መስከረም ያወራል፤ በየቀኑ ስታፍ አልጋው ላይ ትንሽ በትንሽ እያነሰ ይሄዳል። ቆሽቴ አረረ። ሌሊት ላይ እንኳ እሱ ሲያንኮራፋ እኔ ጣሪያ ላይ አፍጥጬ ስሳደብ አነጋለሁ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ድንች ላመጣ ስወርድ ምድር ቤቱ መብራት በርቷል። ኦዲል የተገለበጠ ሣጥን ላይ ተቀምጦ እጁን ጠርሙሱ ላይ አድርጓል። ሊከፍተው መስሎኝ ልቤ ዘለለ።

"ልታወጣው ነው?"

"አይ።"

"ታዲያ ምን ትሠራለህ?"

የመስመሯን አቧራ በአውራ ጣቱ ጠረገ። ከዚያ ወደ እኔ ሳያይ "ሌዎንቲን፣ ይሄ ከተከፈተ በኋላ ምን ይቀረናል?" አለኝ።

ያኔ ገባኝ። ስለ ሙቀትም አልነበረም፣ ስለ አተላም አልነበረም። ይሄ ደደብ ሰውዬ ጠርሙሱ እስካልተከፈተ ድረስ ስታፍ አይሞትም ብሎ አምኗል። ላቅፈው ይገባኝ ነበር። አላቀፍኩትም። ይልቁን ደሜ ፈላ፤ ድንቹን ይዤ ወጣሁ። የእሱ ፍርሃት ይገባኛል፤ ግን ጉሮሮው የደረቀው ስታፍ ነው። አንዱ ለመፍራት ሌላው መጠማት አለበት?

በማግስቱ ፊን ጋ ሄድኩ። "ያ ጋሪ አለ?" አልኳት።

"የትኛው ጋሪ?"

"የልጆቹ።"

ዐይኗን አፍጥጣ አየችኝ፤ ከዚያ ስታፍ ከታመመ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

እሑድን መረጥን። እሑድ ጠዋት የኦዲል ርግቦች ከፈረንሳይ ተለቀው ወደ ቤት የሚበሩበት ሰዓት ነው። ርግቧ እንደገባች የእግሯን ቀለበት ፈትቶ የደረሰችበትን ሰዓት በማሽን ካላስመታ ውድድሩ ያመልጠዋል። ያኔ ጓሮ ቆሞ ወደ ሰማይ አንጋጦ ይጠብቃል፤ ቤቱ ቢቃጠል አያይም። በየቀኑ የምትመጣው ነርስ ስታፍ ዘንድ ቀረች፤ ፊን ጋሪውን እየገፋች በፊት ለፊት በር መጣች። የድሮ ጋሪ ነው፤ ጥልቅ፣ ከሥሩ ሞላ ያለው፣ ሲገፉት የሚያቃስት። እኔና እሷ ወረድን። ሁለት ጉልበታቸው የሚንቋቋ አሮጊቶች!

"መስመሩ ወደ ላይ" አልኳት።

"አውቃለሁ። ልክ እንዳንቺ ስሰማው ነው የኖርኩት።"

እሷ በአንገቱ በኩል፣ እኔ በቂጡ በኩል ይዘን አንድ ደረጃ ወጥተን እናርፋለን፣ አንድ ደረጃ ወጥተን እናርፋለን። ጓሮ ኦዲል ለርግቦቹ ሲያፏጭ ይሰማናል። ፊን ሳቅ ይዟት ልትጥለው ነበር፤ ሰደብኳት። ጋሪው ውስጥ ብርድ ልብስ አነጠፍን፣ ማቱሳላን አስተኛነው፣ ከላይ የልጅ ልጄን አንሶላ አለበስነው። ሲቀዳ ጠርሙሱን አጋድሞ የሚይዘውን ቅርጫትም ከእግሩ ሥር አደረግኩ። ነጯን መስመር ግን ሳልሸፍን ተውኳት፤ እያየሁ እንድገፋ።

ከመጠጥ ቤቱ ፊት ለፊት ስንደርስ ከቅዳሴ የወጡት ወንዶች ውጭ ተቀምጠዋል። ባለቤቱ ሪክ፣ አፉ የማያርፍ፣ ትሪውን ይዞ ብቅ አለ።

"እማማ ሌዎንቲን! በዚህ ዕድሜ? እንኳን ማርያም ማረችዎ!"

"አንተንም ትማርህ።"

"አባቱ ማነው ታዲያ?"

"አባቱ ሁለት ናቸው" አልኩት፤ "ሁለቱም ደደቦች።"

ሁሉም በሳቅ ተንጫጩ። ሪክ ጎንበስ ብሎ አንሶላውን ገለጥ አደረገ። ነጩን መስመር ሲያይ ፈገግታው ከፊቱ ጠፋ። መንደሩ ሁሉ ያንን ጠርሙስ ያውቀዋል፤ ለማን እንደሚሄድም ገባው። "ቀስ ብላችሁ፣ እማማ" አለ፤ ወንበሮቹንም ከመንገዳችን ላይ አነሳ።

ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጀምሮ ነው ኮብልስቶኑ። ገና ስንጀምረው ጋሪው መንቀጥቀጥ፣ ጠርሙሱ ማንኳኳት ጀመረ። ነጯ መስመር ቀስ እያለች ወደ ጎን ዞረች። መለስኳት፤ ዞረች። ፊን "ይፈነዳ ይሆን?" ስትል እኔም በልቤ ያንኑ እያልኩ ነበር። ያኔ ከኋላ ጩኸት ሰማሁ።

"ቁሙ! ቁሙ እላለሁ! እናንተ ሴቶች!"

ኦዲል ነው። በቤት ጫማ፣ በሸሚዝ ብቻ፣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ። ምድር ቤቱን ከፍቼ ትቼው ኖሯል።

ጋሪውን ይዤ ከፊቱ ቆምኩ። "ንካውና ሌላ ሌዎንቲን ታያለህ" አልኩት። "ያን ሁሉ ዓመት ገና ነው ስትል ዝም አልኩ። የልጄ ሠርግ ላይ ዝም አልኩ። አሁን ግን ሰውየው እየሄደ ነው፣ ኦዲል! አንተ ብትከፍተውም ባትከፍተውም እየሄደ ነው! ጠምቶት ይሂድ?"

እሱ ጋሪውን ነው የሚያየው፤ የዞረችውን መስመር። ፊቱ ጭቃ መሰለ። ያኔ ፊን ተናገረችው፤ ቀስ ብላ።

"ርግቦችህስ?"

"የመጀመሪያዋ ገብታለች።"

"ቀለበቷን ፈታህ? ሰዓቷን አስመታህ?"

"አላስመታሁም" አለ።

እኔ የማውቀው ኦዲል እናቱ በተቀበረች ዕለት እንኳ የርግቦቹን ሰዓት ማስመታት አልተወም። ጋሪውን ለቀቅኩት። እሱ ተጠጋ፣ መስመሯን በሁለት እጁ ወደ ሰማይ መለሳት፣ ከዚያ ዞሮ የጋሪውን ፊት ያዘ።

"በኮብልስቶን ላይ አይገፋም" አለ። "ይነሳል እንጂ። ከኋላ ያዙ።"

አነሳነው። ሦስት ሽማግሌዎች ጋሪ ተሸክመን በቤተ ክርስቲያኑ ጥግ ስናልፍ፣ ኦዲል በየእርምጃው "ቀስ፣ ቀስ፣ አትቸኩሉ" እያለ፣ እኔ በየእርምጃው "ዝም ብለህ ሂድ" እያልኩ ደረስን።

ስታፍ በመስኮቱ ሲያየን ኖሯል። ስንገባ ነርሷ ትራሱን ከፍ አድርጋለት ነበር። ጋሪውን አየ፣ የኦዲልን የቤት ጫማ አየ።

"ማን ወለደ?" አለ።

ማንም አልሳቀም፤ ኦዲል ብቻ በአፍንጫው እንደ መሳቅ አለ። ጠርሙሱን እንደተጋደመ ቅርጫቱ ውስጥ አስገባው፤ አንገቱ ብቻ ትንሽ ቀና አለ። ሽቦውን ፈታ። ልረዳው ብል ገፋኝ። ቡሹ ግማሹ ተሰብሮ ወጣ። ክፍሉ ውስጥ የተሰማው የስታፍ ትንፋሽ ብቻ ነው። ቢራው ሞቷል ማለት ነው፣ አልኩ በልቤ፤ ይሄን ሁሉ ጠብቀን ኮምጣጤ ልንጠጣ ነው። ኦዲል ቡሽ መፍቻውን በቀረው ግማሽ ላይ አዞረ፣ አዞረ፣ ሳበ። ጧ! ብሎ ወጣ። አረፋው በጣቶቹ ላይ ፈሰሰ፤ የጎማር ጎተራ ሽታ፣ የእርጥብ ገለባና የአሮጌ እንጨት ሽታ ቤቱን ሞላው። ፊን አፏን በመሀረቧ ያዘች።

ቀዳ። ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳው፤ ያው ልማዱ ነው። ደፍርሷል። ኮብልስቶኑ ሥራውን ሠርቷል፤ አተላው ከታች እስከ ላይ ይዞራል። ኦዲል ብርጭቆውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። "ደፈረሰ" አለ እንደ ልጅ። "ስታፍ፣ ደፈረሰብህ።"

"አምጣው" አለ ስታፍ።

ነርሷ ጭንቅላቱን ደገፈችው። አንዴ ተጎነጨ። አፉ ውስጥ ይዞ አቆየው፤ ዐይኑን ጨፈነ። እንደ ጎማር፣ እንደ ድሮው፣ እያዘዋወረ። ዋጠ። ዐይኑን ከፍቶ ኦዲልን አየ።

"ገና ነው" አለ።

ብርጭቆውን ደረቱ ላይ አሳረፈ።

"ልክ ነበርክ፣ ኦዲል። ገና ነው። አንድ ክረምት ይቀረዋል።"

እኔ ያ ሰው ለምን እንዲህ እንዳለ ወዲያው ነው የገባኝ። ያን ሁሉ የኦዲልን እምቢታ በአንድ ጉንጭ ይቅር ብሎለት፣ ትክክል ነበርክ ብሎ ሊሰናበተው ነው።  ያኔም ግን ተናደድኩ፤ በሁለቱም፤ እንዲህ ይዋደዱ ኖሮ ያን ሁሉ ዓመት ስለ ቡሽና ስለ አተላ ብቻ ማውራታቸው አናደደኝ።

ኦዲል ለራሱም ቀድቶ ጠጣ።  አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ፤ በሕይወቱ ብሎት የማያውቀውን፣ እኔ ብርጭቆ አጥቤ አጥቤ የጠበቅኩትን ቃል ተናገረ።

"የለም፣ ስታፍ። ደርሷል።"

ያን ቃል ለመስማት ስንት ዓመት ተጨቃጭቄያለሁ! ሲለው ግን፣ እግዜር ምስክሬ ነው፣ ምነው ገና ነው ባለ ብዬ ተመኘሁ።

ስታፍ የቀረችውን ጨልጦ ባዶ ብርጭቆውን ዘረጋ። "ከደረሰማ" አለ፣ "ምን ትጠብቃለህ? ቅዳ።"

ኦዲል ቀዳለት። ስድስት ሊትር ለአምስት ሰው ይበዛል፤ ከተከፈተ ደግሞ በዚያው ቀን ማለቅ አለበት። መስኮቱን ከፍቼ፣ እስከ መጠጥ ቤቱ በሚሰማ ጩኸት፣ ሪክን ከነወንዶቹ፣ ከነብርጭቆዎቻቸው ጠራኋቸው።